ከአሮጌው ጀምሩ፦ አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ለአዲሱም ለድሮውም ኮምፒውተር

ድሬ ውስጥ ህትመት ቤት ግቡ፣ ሂሳብ ሚሰሩ ሰዎች ቢሮ ግቡ፣ አንዳንድ ሰው ቤት ሳይቀር ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ሲፒዩ አይጠፋም። ድሮ ነጭ የነበረ አሁን ወደ ቢጫ የሄደ፣ ፍሎፒ ማስገቢያ ያለው፣ ዊንዶውስ 98 ወይ ኤክስፒ የተጫነበት። ለምን አይጣልም ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፣ ስራ ላይ ስላለ ነው። የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ ሚያውቀው ያንን ሰፊውን የድሮ ፕሪንተር ገመድ ብቻ ነው፣ ወይ የሂሳብ ሶፍትዌሩ የስንት አመት ዶክመንት ይዞ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልጫንም ብሏል፣ ወይ ደሞ ባለቤቱ የልጅነቱን ጌም እዛው ማሽን ላይ መጫወት ነው ሚፈልገው፣ እሱም በቂ ምክንያት ነው።

ችግሩ ጠረጴዛው ላይ ነው ሚመጣው። አዲሱ ኮምፒውተር የራሱ ኪቦርድና ማውስ አለው፣ አሮጌውም የራሱ አለው፣ ደረሰኝ ሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋል፣ ደምበኛ ቆሞ እየጠበቀ የትኛው ማውስ የትኛው እንደሆነ መፈለግ ይመጣል። ስለዚ ሰው «አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ለሁለቱም አይሆንም ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ይሆናል። ግን ብዙ ሰው ከተሳሳተ ቦታ ስለሚጀምር ብሩን አውጥቶ ማይሰራ እቃ ይዞ ይመለሳል፣ እኔ ይሄን ምጽፈው ያ እንዳይሆን ብዬ ነው። (እዚ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የተሳሳተው ቦታ መሰኪያው ነው። ሰው የሶኬቱን ቅርጽ አይቶ «ለዚ ሚገባ አዳፕተር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩም አለ ብሎ ይሰጠዋል፣ ቤት ሄዶ ይሰካዋል፣ ልክክ ብሎ ይገባል፣ አይሰራም። አቦ፣ ድሬ ውስጥ መጋላ ገበያ የሄደ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይወራል፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ስለቆመ ብቻ ግን አይግባባም፣ ወይ አንዱ የሌላውን ቋንቋ መቻል አለበት ወይ መሃል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ኪቦርድና ኮምፒውተርም እንደዛ ናቸው። የሶኬቱ ቅርጽ ፊት ለፊት መቆም ነው፣ መግባባቱ ሌላ ነገር ነው። ስለዚ የመጀመሪያው ጥያቄ «አሮጌው ማሽን ምን ቋንቋ ነው ሚሰማው» ሚለው ነው መሆን ያለበት።

ቋንቋዎቹ ብዙ አይደሉም። የአይቢኤም የመጀመሪያው ፒሲ በ1981 ሲወጣ ኪቦርዱ ባለ 5 እግር ክብ ትልቅ መሰኪያ ነበረው፣ በ1984 ኤቲ ሚባለው ሲመጣ ያው ባለ 5 እግር መሰኪያ ቀጠለ ግን ቋንቋው ተቀየረ። የመጀመሪያው ላይ ኪቦርዱ ብቻ ነበር ሚናገረው፣ ኤቲው ላይ ኮምፒውተሩም ለኪቦርዱ መልሶ ይናገራል፣ ለምሳሌ የካፕስ ሎክ መብራት እንዲበራ ያዘዋል። መሰኪያው አንድ፣ ቋንቋው ሁለት። ለዛ ነው አንዳንድ የድሮ ኪቦርዶች ሆዳቸው ስር ትንሽዬ ስዊች ያላቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየሪያ ናት። በ1987 ደሞ አይቢኤም ፒኤስ ቱ ሚባሉትን ኮምፒውተሮች ሲያወጣ ትንሿ ባለ 6 እግር ክብ መሰኪያ መጣች፣ እኛ ሀገር እስካሁን ብዙ ማሽን ላይ ያለችው እሷ ናት፣ በኋላ በመጣው የፒሲ 99 መስፈርት ሃምራዊዋ ለኪቦርድ አረንጓዴዋ ለማውስ ሆኑ። እዚ ጋ የተገላቢጦሽ ነው፣ መሰኪያው ተቀየረ ቋንቋው ግን ያው የኤቲው ነው። ስለዚ ከባለ 5 እግሩ ኤቲ ወደ ባለ 6 እግሩ ተራ አዳፕተር ያለምንም ችግር ይሰራል፣ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። ከዛ በ1996 ዩኤስቢ መጣ፣ መሰኪያውም ቋንቋውም አዲስ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ቁልፍ እንውሰድ፣ ኤ የተጻፈበትን። ፒኤስ ቱ ኪቦርድ ላይ ስትጫኑት ኪቦርዱ ራሱ ተነስቶ 1ሲ ሚል ኮድ ይልካል፣ ስትለቁት ኤፍ0 ብሎ 1ሲ ይደግማል። ማንም አልጠየቀውም፣ ቁልፉ ሲነካ እሱ ነው ኮምፒውተሩን ሚያቋርጠው። ዩኤስቢ ኪቦርድ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም፣ ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ እየተመላለሰ «አዲስ ነገር አለ?» ይለዋል፣ ብዙ ማውሶች ለምሳሌ በሰከንድ 125 ጊዜ ይጠየቃሉ፣ ኪቦርዱም ሲጠየቅ አሁን የተጫኑትን ቁልፎች ዝርዝር ያስረክባል፣ ኤ እዛ ዝርዝር ላይ 04 ነው። አንዱ «ተጫነ፣ ተለቀቀ» ይላል፣ ሌላው «አሁን እነዚ እነዚ ተጭነዋል» ይላል። ይሄን ሽቦ በማገናኘት ብቻ ማስታረቅ አይቻልም፣ መሃል ላይ ሚያስብ ቺፕ ያስፈልጋል።

አሁን ወደዛች ወደ ትንሿ አረንጓዴ ወይ ሃምራዊ አዳፕተር እንምጣ፣ በአንድ በኩል ዩኤስቢ በሌላው ፒኤስ ቱ የሆነችው። ሁሉም ቤት አለች፣ ማውስ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ትመጣ ነበር። እቺ ነገር ውስጧ ቺፕ የለም። ምትሰራው ኪቦርዱ ወይ ማውሱ ራሱ ሁለት ቋንቋ ሚችል ከሆነ ብቻ ነው፣ ማለትም ውስጡ ያለው ቺፕ ሲሰካ ከወዲያ ያለው ዩኤስቢ ነው ፒኤስ ቱ ብሎ አይቶ እንደዛው ሚናገር ከሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰሩት ብዙዎቹ ይችሉ ነበር፣ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ አይችሉም፣ ዋየርለሱ ሪሲቨርማ ጨርሶ ተስፋ ሚጣልበት አይደለም። ስለዚ አዳፕተሯ ከራሱ ከማውሱ ጋር ከመጣች ትሰራለች፣ ከሌላ ቦታ የመጣች ከሆነች ሞክሮ ማየት ነው እንጂ ሌላ ዋስትና የላትም።

ማውስ ላይ አንድ ተጨማሪ የድሮ ቋንቋ አለ፣ ሲሪያል ሚባለው፣ ባለ 9 እግር ሰፋ ያለ መሰኪያ በሁለት ብሎን ሚጠበቅ። የ486 ዘመን (የ1990ዎቹ መጀመሪያ) ማሽን ካላችሁ ምናልባት ለማውስ ያለው እሱ ብቻ ነው። በሰከንድ 1200 ቢት ነው ሚልከው፣ አንድ እንቅስቃሴ 3 ባይት ነው፣ ሲሰላ በሰከንድ ከ45 ጊዜ በታች ነው ቦታውን ሚናገረው፣ ፒኤስ ቱ ማውስ ግን በተለምዶ 100 ጊዜ ይናገራል። ሲሪያሉ ላይ ጠቋሚው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ሚሄደው ለዛ ነው፣ ማውሱ አልተበላሸም። ሌላው ደሞ ሲሪያል ሶኬት ራሱን የቻለ የመብራት መስመር የለውም፣ ማውሱ ከሲግናል ሽቦዎቹ ላይ ነው ትንሽ ትንሽ ኃይል ሚቀዳው፣ ስለዚ ዘመናዊ ቀይ መብራት ያለው ማውስ እዛ ላይ በተራ አዳፕተር ቢሰካ ኃይሉም አይበቃውም ቋንቋውም አይገባውም።

እሺ፣ ቋንቋው ከታወቀ በኋላ መንገዶቹ ምንድን ናቸው። አንዱ ኬቪኤም ስዊች ነው፣ ኪቦርድ፣ ስክሪንና ማውስን አንድ ላይ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሚቀይር ሳጥን። ሁለተኛው በቁልፍ ሚቀያየር ተራ ዩኤስቢ ስዊች ነው፣ ረከስ ያለ። ሶስተኛው ያለምንም ሳጥን በኔትወርክ ሚሰራ ሶፍትዌር ነው። እኔ ለድሮ ማሽን ሁሌ ምመክረው ኬቪኤሙን ነው፣ እሱንም ፒኤስ ቱ የሆነውን፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ተራው ዩኤስቢ ስዊች ሲጫን ሚያደርገው ኪቦርዱን ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ እንደመሰካት ነው። አዲስ ዊንዶውስ ይሄ ምንም አይመስለውም፣ ጥንግ ብሎ ነቀላችሁ ጥንግ ብሎ ሰካችሁ ይላል ያልፋል። የድሮ ማሽን ግን እንዲ አይደለም። ሲበራ መጀመሪያ ኪቦርድ አለ ወይ ብሎ ይፈትሻል፣ በዛች ሰከንድ ስዊቹ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ዞሮ ከሆነ ኪቦርድ የለም ይልና ኤፍ1 ተጫኑ ብሎ ይቆማል፣ በሌለ ኪቦርድ ኤፍ1 ተጫኑ። ማውስም እንደዛው ነው፣ ዊንዶውስ 98 ሲነሳ ፒኤስ ቱ ማውስ ካላገኘ በኋላ ብትሰኩትም አያየውም፣ ሪስታርት ነው። ጥሩ ኬቪኤም ይሄን ይፈታዋል፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ላልተመረጠው ኮምፒውተር ራሱን ኪቦርድና ማውስ አስመስሎ ይመልስለታል። ኮምፒውተሩ ሁሌም ኪቦርዱ እንዳለ ያስባል። ስትገዙ መጠየቅ ያለባችሁ ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ያልተመረጠውን ኮምፒውተር ሚጠብቅ ቺፕ አለው ወይስ በእጅ ሚዞር ሜካኒካል ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ፊታቸው ላይ ሚጠመዘዝ እጀታ ያላቸው ሳጥኖች ሽቦ ብቻ ናቸው፣ ለስክሪን ይሆናሉ ለኪቦርድ ግን ተዉዋቸው።

አሁን ለምን ፒኤስ ቱ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ብቻ ሆኖ እያለ? ምክንያቱም ትርጉሙ በአንድ አቅጣጫ ቀላል በሌላው ከባድ ስለሆነ ነው። ከፒኤስ ቱ ወደ ዩኤስቢ ሚተረጉም ኮንቨርተር ርካሽና በየቦታው ያለ ነው፣ አንድ ዩኤስቢ ጫፍ ኖሮት በሌላው በኩል ሁለት ጭራ፣ አንድ ሃምራዊ አንድ አረንጓዴ ያለው፣ መሃሉ ላይ ወፈር ያለች ነገር አለች ቺፑ እዛ ውስጥ ነው። ከዩኤስቢ ወደ ፒኤስ ቱ ሚተረጉመው ግን ዩኤስቢ ኪቦርዱን ራሱ እየተመላለሰ መጠየቅ አለበት፣ ማለትም ለኪቦርዱ ኮምፒውተር መሆን አለበት፣ ከባድ ስራ ነው፣ ለዛ ነው ገበያ ላይ ብዙም ማይገኘው። ስለዚ አቀማመጡ እንዲ ነው፣ ፒኤስ ቱ ኪቦርድና ፒኤስ ቱ ማውስ ኬቪኤሙ ላይ ይሰካል፣ ከኬቪኤሙ አንዱ ገመድ ቀጥታ ወደ አሮጌው ማሽን ይሄዳል ምንም ትርጉም አያስፈልገውም፣ ሁለተኛው ገመድ ጫፉ ላይ ኮንቨርተሩ ይገባና ወደ አዲሱ ዩኤስቢ። አዲሱ ኮምፒውተር ቻይ ነው፣ ኮንቨርተሩን እንደማንኛውም ዩኤስቢ ኪቦርድ ያየዋል። አሮጌው ግን ማይችለውን እንዲችል መጠየቅ አይቻልም። ከአሮጌው ጀምሩ ያልኩት ለዚ ነው። አንዳንድ አዲስ ማዘርቦርድ እንደውም እስካሁን አንድ ግማሽ ሃምራዊ ግማሽ አረንጓዴ የሆነች ሶኬት አላት፣ ካላችሁ ኪቦርዱን ወይ ማውሱን አንዱን ቀጥታ እሷ ላይ መሰካት ትችላላችሁ።

ፒኤስ ቱ ኪቦርድ ከየት ይመጣል ካላችሁ ድሬ ላይ ብዙም አያስቸግርም፣ ታይዋን ሚባለው ገበያ ዞር ዞር በሉ፣ ከዛ ይልቅ ግን እኔ ምመክረው የጥገና ቤቶችን ነው፣ የተበተነ ማሽን ኪቦርድ ሁሌ ጥግ ላይ ቆልለው ያስቀምጣሉ። ሁሉንም ቁልፍ እዛው ሞክራችሁ ውሰዱ፣ የኛ ከተማ አቧራ ከኪቦርድ ስር ገብቶ ሚያደርገውን ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ስክሮል ሎክ ሚለው ቁልፍ ይኑረው። ብዙ ኬቪኤም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሚቀይረው ስክሮል ሎክን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትጫኑ ነው፣ ትንንሾቹ ኪቦርዶች ደሞ ያን ቁልፍ ቆርጠው ጥለውታል።

«እኔ ግን አሁን ያለኝን ዩኤስቢ ኪቦርድ ነው ምወደው፣ ጣቴ ለምዶታል» ሚል ሰው ይኖራል፣ ልክ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሚጽፍ ሰው ኪቦርዱን መምረጥ መብቱ ነው። ለሱ በሌላ አቅጣጫ ሚተረጉመው ያስፈልገዋል። ጎበዞች ክፍት አድርገው የለቀቋቸው ፕሮጀክቶች አሉ፣ ኤችአይዲማን ሚባለው ዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስን ወደ ፒኤስ ቱ፣ ወደ መጀመሪያው የፒሲ ቋንቋና ወደ ሲሪያል ማውስ ሳይቀር ይተረጉማል፣ ሌላው ደሞ በ2021 በወጣችው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ሚሏት ፕሮግራም ሚጫንባት ትንሽ ቦርድ ላይ ሚሰራ ፒኤስ2ኤክስ2ፒኮ ሚባል አለ። ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሚማር ልጅ ቤታችሁ ካለ ይሄ ቆንጆ ፕሮጀክት ነው፣ መበየጃና ትዕግስት ነው ሚፈልገው። ኪቦርዱ ግን ተራ ይሁን። ዩኤስቢ ውስጥ ቡት ፕሮቶኮል ሚባል ቀለል ያለ አነጋገር አለ፣ 8 ባይት ብቻ፣ በአንዴ 6 ቁልፍ ሲደመር ሺፍትና ኮንትሮል ምናምን፣ ኮንቨርተሮችም ኬቪኤሞችም ብዙዎቹ ሚሰሙት እሱን ነው። ቀለም በቀለም ሚያበሩት የጌም ኪቦርዶች ራሳቸውን እንደ ሁለትና ሶስት እቃ ነው ሚያስተዋውቁት፣ ኮንቨርተሩ የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል፣ ከዛ መብራቱ ይበራል ፊደል ግን አይመጣም።

ሌላ አማራጭም አለ፣ አሮጌው ማሽን በጣም አሮጌ ካልሆነና የራሱ ዩኤስቢ ሶኬት ካለው። ያኔ ጥያቄው ዊንዶውሱ ነው። ዊንዶውስ 98 ዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ ያውቃል፣ 95 መጨረሻ ላይ ከወጡት ቅጂዎች በቀር አያውቅም፣ ዊንዶውስ ኤንቲ 4 ጨርሶ አያውቅም። ዶስ ደሞ፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም፣ ራሱ ምንም አያውቅም፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ሚነሳው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ግን ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት ሚል ምርጫ ካለውና ኤኔብል ከተደረገ ባዮሱ ዩኤስቢውን እንደ ፒኤስ ቱ አስመስሎ ያቀርብለታል። እዚ ጋ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስታልቅ ባዮሱ የተቀየረለትን ሁሉ ይረሳል፣ ያ ምርጫ ሊጠፋ ይችላል፣ ኪቦርዱም አብሮ ይጠፋል፣ መልሶ ለማብራት ደሞ ኪቦርድ ያስፈልጋል። ስለዚ ሰዓቱ ወደኋላ መሄድ ሲጀምር ባትሪዋን ሳትውል ሳታድር ቀይሩ፣ አንድ ፒኤስ ቱ ኪቦርድም መሳቢያ ውስጥ ይኑራችሁ።

ስክሪኑን በተመለከተ አጭር ነው። የአሮጌው ቪጂኤ ነው፣ ባለ 15 እግሩ፣ እሱም በ1987 ከፒኤስ ቱ ኮምፒውተሮቹ ጋር የወጣ። አዲሱ ኤችዲኤምአይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ኬቪኤም ለማሳለፍ መታገል ትርፉ ድካም ነው፣ ቪጂኤም ኤችዲኤምአይም መግቢያ ያለው ሞኒተር ካላችሁ ሁለቱን ገመድ ቀጥታ ሞኒተሩ ላይ ሰክታችሁ በሞኒተሩ ቁልፍ ቀያይሩ፣ ኬቪኤሙን ለኪቦርድና ማውስ ብቻ ተጠቀሙበት። ዶስ ምትጠቀሙ ደሞ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ ሚለውጡ ርካሽ ሳጥኖችን ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩ፣ የዶስ ስክሪን በሰከንድ 70 ጊዜ ነው ሚታደሰው፣ ብዙ አዲስ እቃ ደሞ የለመደው 60 ነው፣ ጨለማ ስክሪን ይዞ መቅረት አለ።

ከተሰካ በኋላ ሚመጣ አንድ የታወቀ በሽታ አለ፣ ሰውን ሚያስደነግጥ። ከአዲሱ ወደ አሮጌው ስትቀይሩ ጠቋሚው ብድግ ብሎ ጥግ ይሄድና ማንም ሳይነካው ራሱ ክሊክ ያደርጋል፣ ፋይል ይከፍታል፣ ሜኑ ያወርዳል። ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያደረገ ሰው አለ። ቫይረስ አይደለም። የመጀመሪያው ፒኤስ ቱ ማውስ እንቅስቃሴውን በ3 ባይት ነበር ሚናገረው፣ በ1996 ባለጎማ ማውስ ሲመጣ ለጎማዋ 4ኛ ባይት ተጨመረ። ኮምፒውተሩ ማውሱ ጎማ እንዳለው ለማወቅ ፍጥነትህን 200 አድርግ፣ 100 አድርግ፣ 80 አድርግ ብሎ በተከታታይ ያዘዋል፣ ባለጎማው ይሄን ሲሰማ ወደ 4 ባይት ይቀየራል። ኬቪኤሙ ይሄን ካላስታወሰ አንዱ ኮምፒውተር 4 ሲጠብቅ 3 ይመጣለታል፣ ቁጥሮቹ ይንሸራተታሉ፣ የእንቅስቃሴው ቁጥር እንደ ክሊክ ይነበባል። መፍትሄው አሮጌው ማሽን ላይ ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ ማውሱን ስታንዳርድ ፒኤስ ቱ ማውስ ማድረግ ነው፣ አዲሱ ላይ ያለው ደሞ በኮንቨርተሩ በኩል ነው ሚያየው። ጎማዋ አሮጌው ላይ አትሰራም፣ ጠቋሚው ግን ይረጋል።

አሁን በጣም ምለምናችሁ ነገር ላይ ደረስን፣ መብራት። ፒኤስ ቱ በርቶ እያለ እንዲነቀልና እንዲሰካ ተብሎ አልተሰራም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ አንዳንዴ ግን 5 ቮልቱ ሚያልፍባት ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ቅንጣት የምታክል ፊውዝ ትቃጠላለች፣ ያኔ ኪቦርዱም ማውሱም አንድ ላይ ይሞታሉ፣ ማሽኑ ይነሳል ግን አይሰማም። ለአዲስ ማሽን ቦርድ ይገኛል፣ ለ20 አመት ማሽን ከየት ይመጣል። ስለዚ ሁለቱንም አጥፉ፣ ገመዱን ሰኩ፣ ከዛ አብሩ። ሁለቱም ኮምፒውተር አንድ ዲቫይደር ላይ ይሁኑ፣ ዲቫይደሩም አርዝ ያለው ግድግዳ ሶኬት ላይ። ሲፒዩውን በባዶ እግራችሁ ስትነኩት ሚነዝራችሁ ከሆነ አርዙ የለም ማለት ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ማጣሪያዎች ያንን ትንሽ ከረንት ወደ ቆርቆሮው ይለቁታል። ለብቻው ያለ ማሽን ላይ መንዘር ብቻ ነው፣ ሁለት ማሽን በኬቪኤም ገመድ ስታገናኙ ግን ያ ልዩነት በሲግናል ገመዱ በኩል መንገድ ያገኛል፣ በተለይ ገመዱ በሚሰካባት ቅጽበት። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አርዝ ማሰራት ከማንኛውም ኬቪኤም ይቀድማል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደሞ ኬቪኤሙ የራሱ ቻርጀር ካለው መጀመሪያ እሱ ይብራ፣ ከዛ ኮምፒውተሮቹ፣ ካልሆነ ያ ኤፍ1 ተጫኑ ሚለው ይመለሳል።

ሶስተኛው መንገድ፣ ሶፍትዌሩ፣ ሁለቱም ማሽን ኔትወርክ ካላቸው በጣም ደስ ይላል። ኪቦርዱና ማውሱ አዲሱ ላይ ይሰካል፣ ጠቋሚውን ወደ ስክሪኑ ጫፍ ስትገፉት አልፎ የጎረቤቱ ስክሪን ላይ ብቅ ይላል፣ ኪቦርዱም ይከተለዋል። ሲነርጂ ሚባለው ነው የዚ ቤተሰብ አባት፣ ከሱ ባሪየር ወጣ፣ ከባሪየር ኢንፑት ሊፕ፣ ዛሬ የሲነርጂው ክፍት ኮድ ዴስክፍሎው በሚል ስም ቀጥሏል። ማይክሮሶፍትም ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ ሚባል በነጻ አለው፣ እስከ 4 ኮምፒውተር፣ አሁን ፓወርቶይስ ውስጥ ገብቷል፣ እሱ ግን ለአዲስ ዊንዶውስ ነው። ኤክስፒና 98 ላይ ሚጫኑት የድሮዎቹ የሲነርጂ ቅጂዎች ናቸው፣ ከአዲሱ ቅጂ ጋር ላይግባቡ ስለሚችሉ ሁለቱም ላይ አንድ አይነት ቅጂ መሞከሩ ይሻላል። ድክመቱ ግልጽ ነው፣ ዊንዶውሱ እስኪነሳ ድረስ ሶፍትዌሩ የለም፣ ባዮስ ውስጥ አይገባም፣ ንጹህ ዶስ ላይ አይሰራም፣ ኔትወርኩ ከተቋረጠ ኪቦርዱም አብሮ ነው ሚሄደው። ስለዚ አሮጌው ላይ አንድ ኪቦርድ ከኋላ ተሰክቶ ከመደርደሪያው ስር ይቀመጥ።

የድሮዎቹ ቅጂዎች ላይ ደሞ አንድ ሰው ማያስበው ነገር አለ፣ ምትጽፉትን ሁሉ ሳይቆልፉ ነው በኔትወርኩ ሚልኩት፣ ፓስወርድም ጭምር። ዋይፋዩን ከካፌው ወይ ከጎረቤት ሱቅ ጋር ምትጋሩ ከሆነ ማንም ሚያውቅበት ሰው ሊያነበው ይችላል። ኤክስፒ ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ፣ 98 ደሞ ከ2006 ጀምሮ የደህንነት አፕዴት አያገኙም፣ ኢንተርኔት ላይ መውጣት የለባቸውም። ሁለቱን ኮምፒውተር በአንድ የኔትወርክ ገመድ ፊት ለፊት አገናኟቸው፣ አዲሱ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ይጠቀም፣ አሮጌው ከአዲሱ በቀር ማንንም አይይ። የአዲሱ ኔትወርክ ካርድ ጊጋቢት ከሆነ ገመዱ ተራም ቢሆን፣ ማለትም ሁለት ኮምፒውተር ፊት ለፊት ማገናኛ ክሮስኦቨር ሚባለው ባይሆንም፣ ራሱ ያስተካክለዋል።

የድሮ ማክ ያላችሁ ጥቂት ናችሁ፣ ለናንተ አንድ ቃል ብቻ፣ ከ1998ቱ አይማክ በፊት ያሉት አብዛኞቹ ኤዲቢ ሚባል የራሳቸው ቋንቋ ነው ያላቸው፣ ባለ 4 እግር ክብ መሰኪያ፣ ፒኤስ ቱን ሚመስል ግን ማይሆን። በግድ አትግፉት፣ እግሩ ይታጠፋል።

የመጨረሻው የግዕዝ ፊደል ነገር ነው፣ እኛን ብቻ ሚመለከት ስለሆነ ሌላ ቦታ አታገኙትም። ኪቦርዱ አማርኛ አያውቅም፣ ሀ ስትጽፉ ኪቦርዱ ሚልከው ያንኑ የቁልፉን ኮድ ነው፣ ሀ ሚያደርገው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ስለዚ በኬቪኤም ስትቀይሩ አሮጌው ላይ ያለው ፓወር ግዕዝ ወይ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አዲሱ ላይ ያለው ኪማን፣ እያንዳንዱ በራሱ አጻጻፍ ይቀጥላል፣ ኪቦርዱ መሃል ላይ ምንም አይረብሽም። በሶፍትዌር ስትጋሩ ግን ሌላ ነው፣ እነ ሲነርጂ የቁልፉን ቦታ ብቻ ሳይሆን የትኛው ፊደል እንደሆነም ጭምር ስለሚልኩ፣ አዲሱ ኮምፒውተር አማርኛ ላይ እያለ ጠቋሚውን ወደ አሮጌው ካሻገራችሁ ፊደሉ ሊደነጋገር ይችላል። አዲሱን እንግሊዝኛ ላይ አድርጋችሁ ተሻገሩ፣ አማርኛውን አሮጌው ላይ አብሩ።

እነዚ ሶፍትዌሮች ኮፒ ያደረጋችሁትንም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ፣ ይሄ ለህትመት ቤት ትልቅ ነገር ይመስላል፣ ግን ተጠንቀቁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ሚስማሙበት የፊደሎች ቁጥር ዝርዝር ውስጥ) የገባው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጧቸው። አሮጌው ላይ ቁልጭ ብሎ ሚታየው የሰርግ ጥሪ ካርድ ጽሁፍ ኮፒ ተደርጎ አዲሱ ላይ ሲለጠፍ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል፣ ጽሁፉ አልጠፋም፣ ቁጥሩ ያው ነው መልኩ ነው የጠፋው። ያንኑ የድሮ ፎንት አዲሱ ላይ ከጫናችሁ ይመለሳል፣ ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ ሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ በነሱ ቀይራችሁ ስም በስም፣ ቀን በቀን አንብቡት፣ ከዛ ነው ወደ ማተሚያው ሚሄደው።